የዲሞ ራስ ልክ

አቢጃን፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1997

ለአሽከሬ ለጌላጆ፣ ባራኒ፤

ሰላም ለአንተና ለግቢው ሁሉ ይሁን። አላህ የአጎቴን ዕድሜ ያርዝም፣ ላሞቹን ያብዛለት። አንተንም ከስንፍናህ ይፈውስህ ብዬ ልመርቅ ነበር፤ ግን ለማይሆን ነገር አላህን ማስቸገር ነውር ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጠይቀኸኝ አይደለም፤ አሽከር የጌታውን ጤና መጠየቅ አልለመደበትም። በአገራችን ወግ የአጎትና የአክስት ልጅ ካልተሰዳደበ ተጣልቷል ይባል የለ።

ዲሞ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፍክልኝ «ፈረስህ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል» ብቻ ነው። ይህንን ስለ ራስህም ልትጽፈው ትችል ነበር። ምላሱስ ምን ይመስላል? አሁንም ውሃ ሲጠጣ ራሱን ወደ ጎን ያዘነብላል?

የምሠራበት የፈረስ ግልቢያ ክበብ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። አፍ ውስጥ ምንም ብረት የማይገባበት ልጓም ነው። ሁሉ ነገሩ ቆዳ ነው። አንድ ጠፍር አፍንጫውን ይዞራል፤ ዛቡ ከጠፍሩ ግራና ቀኝ ካሉት ቀለበቶች ጋር ይታሰራል። ፈረሱን የምትመራው በአፍንጫው አጥንት እንጂ በምላሱ አይደለም። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። «ይሄ ለፍየል ነው?» አልኩት ኮርቻ ሰፊውን ሽማግሌ ሞሪባን። ከክበቡ ፈረሶች ሁሉ ጉልበተኛው ላይ አሰረውና «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ዛቡን በሁለት ጣት ስነካ ዞረ፣ ሳላላለት ቀጥ አለ። ወርጄ አለቀስኩ ብልህ ትስቅብኛለህ። ሳቅ፤ አልቅሻለሁ።

ለምን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ። በዚያ የኢድ ቀን አብረኸኝ ነበርክ። ከበሮው ሲመታ ዲሞን እያስጨፈርኩ፣ ሰው እንዲያደንቀኝ ብዬ አፍ ውስጥ ገብቶ አገጭ የሚያንቀውን የብረት ቀለበት ደጋግሜ ስስበው፣ ለሃጩ ቀልቶ ደረቱ ላይ ሲወርድ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉልኝ አይተሃል። አፉን ከፍተን ያየነውም አብረን ነው። ምላሱ እስከ ግማሽ ተቆርጦ ነበር። «ከእንግዲህ በዲሞ አፍ ብረት አይገባም» ብዬ አንገቱን ይዤ ስምል፣ አንተ እጅህን በእጄ ላይ ጭነህ አብረኸኝ ማልክ። ወደዚህ ስመጣ ወንድሞቼን ሁሉ ትቼ ለአንተ አደራ የሰጠሁህ ስለዚያ እጅህ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ማንም አልተቀመጠበትም። በዚህ ልጓም ግን ይጋለባል። የዛሬ ዓመት ስመጣ ያለ ብረት ሲጨፍር አሳያችኋለሁ።

አሁን ሥራ ልስጥህ። ረጅም የጥጥ ገመድ ውሰድና ጫፉን ቋጥር። የጉንጩ አጥንት ከሚያልቅበት ሁለት ጣት ዝቅ ብለህ አፍንጫውን ዙሪያውን ለካና ቋጥር። ከዚያ ከአንዱ ጉንጭ ተነስተህ፣ ከጆሮዎቹ ኋላ አሳልፈህ፣ እስከ ሌላው ጉንጭ ለካና እንደገና ቋጥር። በግራ ጆሮው በኩል ተጠንቀቅ። ውርንጭላ ሳለ ጅብ ከያዘው ወዲህ ያንን ጆሮ ከእኔ በቀር ለማንም አያስነካም።

ጌታህ አላዬ

ባራኒ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1997

ከባሕሩ ዳርቻ ተቀምጦ ጌታ ነኝ ለሚለው ለአሽከሬ ለአላዬ፤

ሰላምታችን ይድረስህ፤ አላህ ከዚያ አገር ሙቀትና ከሰው ፈረስ እበት በሰላም ያውጣህ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው። አባቴ እንዲህ በልልኝ ብሏል፦ «የእህቴ ልጅ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ና።» ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ።

ገመዱ ይኸውልህ፣ ከደብዳቤው ጋር ጠቅልዬዋለሁ። ስንት ዋጋ እንዳስከፈለኝ ግን ስማ። አፍንጫውን ስለካ እንደ ሙሽራ ቆመልኝ። ገመዱን ወደ ግራ ጆሮው ሳስጠጋ ጊዜ በትከሻው ገፍቶ ገለባው ላይ ጣለኝ። አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ምርኩዙ ወደቀ። «የእህቴ ልጅ ፈረስ የእህቴን ልጅ ጠባይ ይዟል» አለ። በመጨረሻ አባቴ የዲሞን ራስ ይዞ እያዋራው ነው የለካሁት። ሦስቱም ቋጠሮ ትክክል ነው፤ ሁለቴ አረጋግጫለሁ።

አንድ ዜና አለኝ። ትዳር ፈልጌአለሁ። ታኮ ትባላለች፤ የጂባሶ መንደሩ የቡካሪ ሶምቦ ልጅ ናት። እርጎ ልትሸጥ ገበያ ስትመጣ አየኋትና በቃ፣ ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ሳይጠማኝ እርጎ እየገዛሁ ሆዴ ተነፋ። «አንተ ቤት ላም የለም እንዴ?» አለችኝ በአራተኛው ሳምንት። ሽማግሌ ላክን፤ አባቷ ራሱ ቤታችን መጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ እኔ ሲያወሩ እሱ የሚያየው ዲሞን ነበር። ተነስቶ የዲሞን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሁሉ አየ። «የማን ነው?» አለ። የአክስቴ ልጅ ነው አልኩት። «የአክስትህ ልጅ ከሆነማ ያንተ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። ቁርጡን ገና አልነገረንም።

ጌታህ ጌላጆ

አቢጃን፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1998

ለእርጎ ጠጪው አሽከሬ ለጌላጆ፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይራቅ። አላህ የታኮን አባት ልብ ያራራ፤ የታኮን ዓይን ግን አይክፈትብህ፣ ከከፈተው ትተውሃለች።

ልጓሙ ይኸው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ይዞልህ ይመጣል። ሞሪባ ቆረጠው፣ እኔ ሰፋሁት። በገመድህ ልክ ነው፤ ከአፍንጫው በኩል ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጌ ውስጡን በበግ ቆዳ ለበድኩት። ግራ ጉንጩ ላይ ተጨማሪ ዘለበት አለ። እሱ ለጆሮው ነው። በጆሮው ላይ አታጥልቀው፤ ዘለበቱን ፍታ፣ ጠፍሩን ከኋላ አሳልፍ፣ ከዚያ ዝጋ።

አሁን ቀልድ ይቁም፣ ይህን ደጋግመህ አንብብ። የአፍንጫው ጠፍር ከጉንጭ አጥንቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ጠንካራው አጥንት ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በታች አጥንቱ ለስላሳ ነው፤ እዚያ ከወረደ ትንፋሹን ይዘጋበታል። በጠፍሩና በአፍንጫው መካከል ሁለት ጣትህ ያለ ግፊት ይግቡ። አንድ ብቻ ከገባ አጥብቀሃል፣ ሦስት ከገባ ይሽከረከራል። የጉሮሮው ጠፍር ውስጥ ሙሉ ጭብጥህ ይለፍ። የጉንጩ ጠፍር ወደ ዓይኑ እንዳይጠጋ፤ ዛቡን ስትስብ እየሄደ ዓይኑን የሚነካ ከሆነ አንድ ቀዳዳ ቀንስ። መጀመሪያ መሬት ላይ ሆነህ ግራና ቀኝ አዙረው። ሲታዘዝህ ወዲያው ዛቡን ልቀቅለት፤ መልካም አደረግህ የምትለው በመልቀቅህ ነው። ከፈታህለት በኋላ ፀጉሩ ተልጦ እንደሆነ በመዳፍህ ዳስስ። ይህን ሁሉ አድርገህ ውጣበት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ እንድትወጣበት ፈቅጃለሁ፤ ከአንተ ሌላ ሰው ቢሆን አልፈቅድም ነበር።

ለታኮ የራስ ሻሽ ልኬአለሁ። ለሠርግህም ከእኔ ንብረት የወደድከውን ንጠቅ። ቆቤን በአደባባይ ስትነጥቀኝ፣ የኢድ በጌን ከበራፌ ስትጎትት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የአጎት ልጅ እጁ ካልረዘመ ምኑን የአጎት ልጅ ሆነ።

ጌታህ አላዬ

ባራኒ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1998

ለአክስቴ ልጅ ለአላዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዘገየሁብህ፤ የሠርግ ነገር ነው፣ አትቀየመኝ። ታኮ ቤቴ ገብታለች። ሻሽህን አስራው ስትወጣ ሰው ሁሉ ከየት ነው እያለ ጠየቃት። የእኔ አሽከር ነው የላከው አለች፤ ስድቡን ቶሎ ለምዳዋለች።

ልጓሙ ደርሷል። ቆንጆ ነው። ግን አንድ ነገር አለ፤ የአፍንጫው ጠፍር ሰፊ ሆነ። ሁለት ጣት አልክ፣ አራት ጣቴ ይገባል። ትንሽ ሲራመድ ወደ ታች ይንሸራተትና የአፍንጫው ቀዳዳ ዘንድ ይደርሳል፤ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያስነጥሳል። በመጨረሻው ቀዳዳ ብዘጋውም ያው ነው። የግራው ዘለበት ደግሞ ሥራ ያበዛል፤ በሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ ዝም ብዬ ሳጠልቀው እንደ ጠቦት ይቆማል። ምን ላድርግ?

ሌላው ደህና ነው።

ጌላጆ

አቢጃን፣ ማርች 16 ቀን 1998

ለአዲሱ ሙሽራ፣ ለአሮጌው አሽከሬ፤

አላህ ትዳራችሁን በልጅ ይባርከው፤ ልጆቹ በእናታቸው ይውጡ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። እዚህ ላሉት ለአገራችን ልጆች ሁሉ ሻይ ጋብዣለሁ።

ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ግን የጆሮው ነገር ነው። አስነካህ? በሁለቱም ጆሮ? ደብዳቤህን ለሞሪባ አነበብኩለት። «የተነከሰ ፈረስ አይረሳም» አለኝ። ተጣላሁት ማለት ይቻላል። ጌላጆን አታውቀውም፣ ሦስት ዓመት በደግ እጅ ከተያዘ ለምን አይረሳም አልኩት። ያንን ፍርሃት ከላዩ ያወረድክለት አንተ ነህ። እዚህ ቆጥሬ የማልጨርሰው ውለታ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሌላ ስድብ አታገኝም።

ስለ ጠፍሩ፦ በጥንቃቄ ወስፌ አግለህ ከመጨረሻው ቀዳዳ አንድ ጣት ርቀህ ሌላ ብሳ። አሁንም ከሰፋ እኔ የሰፋሁት ስህተት ነው። እንደገና በገመድ ለክተህ ላክልኝ፤ አዲስ ጠፍር እሠራለሁ። እስከዚያ አታስርለት፤ ጠፍር አፍንጫ ላይ ወርዶ ትንፋሽ ከዘጋበት ልጓሙን ይጠላዋል።

የአጎቴ ሰላምታ ግን በደብዳቤህ ውስጥ የለም። አሞት ይሆን?

አላዬ

ባራኒ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1998

ለአክስቴ ልጅ ለአላዬ፤

ሰላም ነን። አባቴ ደህና ነው። ገመዱ ይኸው። የአፍንጫው ጠፍር አጠር ቢል፣ የራሱም ትንሽ ቢያጥር ይሻላል። ዘለበት በአንድ በኩል ብቻ ይበቃል። ቶሎ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።

ኢድ በሰላም አለፈ።

ጌላጆ

አቢጃን፣ ሜይ 9 ቀን 1998

ጌላጆ፤

ሰላም ለግቢው ይሁን።

ሁለቱ ገመዶች ፊቴ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የኖቬምበሩና የኤፕሪሉ። ጎን ለጎን አድርጌ አጋደምኳቸው። አፍንጫው ላይ በሦስት ጣት ይለያያሉ፣ ራሱ ላይ ደግሞ በአንድ መዳፍ። መጀመሪያ አህያህን ለክተህ ነው ብዬ ልሳደብ ብዕር አንስቼ ነበር። ጥቂት ጻፍኩና ቀደድኩት።

ሞሪባ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው ስንት ነው አለኝ። ዘጠኝ ሞልቷል አልኩት። «የዘጠኝ ዓመት ፈረስ ይከሳል፣ አንገቱ ይቀጥናል፤ የአፍንጫው አጥንት ግን አይጠብም» አለኝና ተነስቶ ወጣ። ብቻዬን ሊተወኝ ብሎ ነው የወጣው።

በኤፕሪሉ ገመድ በመጀመሪያው ቋጠሮ ውስጥ አንድ ፀጉር ገብቷል። ነጭ ነው። ዲሞ ከግንባር እስከ ኮቴ ዳማ ነው። እጄ ላይ የተወለደ ፈረስ ነው፤ አፍንጫው ላይ አንድ ነጭ ፀጉር ቢኖር አውቀው ነበር።

ጆሮውን ሲነኩት እንደ ጠቦት ይቆማል ያልከኝ ትዝ አለኝ። ሻይ የጋበዝኩት ትዝ አለኝ። አጎቴ በአንተ በኩል ሰላምታ መላክ ለምን እንደተወ ደግሞ አሁን ገባኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ዲሞ የት ነው?

አላዬ

ባራኒ፣ ጁላይ 14 ቀን 1998

ለአክስቴ ልጅ ለአላዬ፤

ሰላም ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ ቢሆንም ሰላም ላንተ ይሁን። ሁለት ወር ሙሉ ወረቀት እያነሳሁ ስጥል ቆየሁ። አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

ቡካሪ ሶምቦ «ልጄን የምሰጠው በዚያ ፈረስ ነው» አለ። ከብት አቀረብንለት፣ አይሆንም አለ። ፈረሱ የእኔ አይደለም አልኩት። ልጓሙ ከደብዳቤህ ጋር የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። «የወደድከውን ንጠቅ» የሚለውን አነበብኩ። አላዬ፣ ቀልድ መሆኑን አውቄአለሁ። ሳነበው ስቄአለሁ። በማግስቱ ግን ያንኑ ወረቀት ይዤ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። «የአክስት ልጅ ከፈቀደ ምን ቀረ፣ ቢቀየምም ስቆ ያልፈዋል» ተባለ። አባቴ ተነስቶ ወጣ። «በእህቴ ልጅ ቀልድ ሚስት አታገባም» አለኝ በራፍ ላይ። አልሰማሁትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ሰላም ስለው አይመልስልኝም።

በዲሞ ምትክ አማቼ አንድ ትንሽ ፈረስ ሰጠኝ፤ ግራጫ፣ አፍንጫው ነጭ። የለካሁልህ እሱን ነው። የዋህ ነው። ልጓም ስለሌለው በልጓምህ ልገራው ፈለግሁ፤ አንተን ሳልጠይቅ ደግሞ እንዴት እንደሚታሰር አላውቅም። ይኸው ውሸቴ ያለቀው እዚያ ነው።

ከዚህ የባሰውን አሁን ልንገርህ፤ ብደብቀው ማን ያውቃል፣ ግን አልቻልኩም። ልጓምህ ለዲሞ ልኩ ነበር። ከመስጠቴ በፊት አሰርኩለት። የግራውን ዘለበት ፈትቼ፣ እንዳልከው ከኋላ አሳልፌ ዘጋሁት፤ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ሁለት ጣቴ ገባ፣ ጭብጤም አለፈ። ወጣሁበት። እስከ ውሃው ጉድጓድ ሄድን። ሴቶቹ ማሽላ ይወቅጡ ነበር፤ የሙቀጫውን ድምፅ ሲሰማ እግሩን ያነሳ ጀመር። ያለ ብረት ጨፈረ፣ አላዬ። ዛቡን በሁለት ጣት ይዤ ነበር። በሦስተኛው ቀን አስረከብኩት።

ልጓሙን ለአማቼ አሳየሁት፤ ይህን እሰርለት ብዬ ለመንኩት። «የሴት ጉልበት ላለው ሰው ነው» ብሎ ወረወረልኝ። በኢድ ቀን ጂባሶ በብረት ቀለበት አወጣው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለሃጩ ቀይ ነበር። እኔ ከሰዉ መሃል ቆሜአለሁ፤ በአጠገቤ ሲያልፍ አወቀኝ፣ ወደ እኔ ሊዞር ሲል በብረቱ መለሰው። ታኮ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ። ስለ መሐላው ስነግራት «እኔን በምን እንደገዛኸኝ ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» አለችኝ። ሻሽህን አጣጥፋ አስቀምጣዋለች፤ አታስረውም።

መልሼ ልውሰደው ብዬ ብለምነው አማቼ እንቢ ብሏል። ሁለቴ ሄጄ ነበር።

ስደበኝ። ሌባ በለኝ፣ ውሻ በለኝ። በሜይ ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ስድብ ፈልጌ አጣሁ፤ ደጋግሜ አነበብኩት። የአክስቴ ልጅ ነህ፣ ስደበኝና ይለቅልኝ።

ጌላጆ

አቢጃን፣ ኦገስት 2 ቀን 1998

ለተከበሩ ለጌላጆ፣ ባራኒ፤

ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረስዎ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ስድብ ጠይቀውኛል፤ ፈልጌ አጣሁ። ስድብ የሚገኘው ለሚወዱት ሰው ነው፤ ለማላውቀው ሰው ክፉ ቃል መናገር ደግሞ እናቴ አላስተማረችኝም።

ለግራጫው ፈረስ የሚሆን ልጓም በሁለተኛው ገመድ ልክ ሠርቼ ልኬአለሁ። እሱ ምንም አላጠፋም። እርስዎ እንዳሉት ዘለበቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ጠፍሩ ከጉንጭ አጥንቱ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፣ ሁለት ጣት ይግባ፣ ጉሮሮው ላይ ጭብጥ ይለፍ። ሲታዘዝዎ ወዲያው ይልቀቁለት። ማንም በአፉ ብረት እንዳያስገባበት አደራ አልልዎትም፤ አደራ የምለው ሰው ባራኒ ውስጥ አንድ ነበረኝ። በልመና ይያዙልኝ። ስም ካላወጡለትም ያውጡለት።

የድሮውን ልጓም ለአጎቴ ይስጡልኝ። ግድግዳው ላይ፣ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ይስቀለው። በሚመጣው ዓመት የምመጣው ወደ እሱ ቤት ነው፤ ከዚያም ወደ ጂባሶ እሄዳለሁ። ዲሞ ሌላው ቢቀር ከእኔ እጅ አንድ ባልዲ ውሃ ይጠጣል። ምላሱን ማየት አለብኝ።

ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ታኮ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ሻሹ የእሷ ነው፤ እሷ በምንም ነገር ዕዳ የለባትምና ትሰረው።

ልጓሙ ልኩ እንደነበረ ስለነገሩኝ ደግሜ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ገመድ መልሼልዎታለሁ። የኖቬምበሩን እዚህ አስቀርቼዋለሁ፤ ከዲሞ የቀረኝ እሱ ነው፣ ያኔ እርስዎ በትክክል ለክተው ነበር።

በአክብሮት፣
አላዬ